በአየሩ ላይ ማን አለ?

(የሞዴል አውሮፕላን ክበብ አባል የሆነ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን ስለ ራዲዮ ስካነር አመራረጥ ያደረገው ንግግር)



የሞዴል አውሮፕላን ክበባችን ገንዘብ አዋጥቶ አንድ የራዲዮ ስካነር ሊገዛ አስቧል። የትኛው ዓይነት እንደሚሻል አጥንቼ እንዳስረዳ የታዘዝሁት እኔ ነኝ። ይህ ሥራ ለእኔ የተሰጠኝ ከሌሎቹ አባሎች ይልቅ ስለ ራዲዮ ዐውቃለሁ ተብሎ አይደለም። ስካነር ያስፈልገናል የሚለው ሐሳብ የመጣው በእኔ ጥፋት ነውና ነው። ስለዚህ ከዕቃው በፊት ጥፋቴን ብናገር ይሻላል።

ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት፣ ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጧት የክበባችን አውሮፕላን ከሜዳው በላይ ደኅና ሲዞር ቆይቶ ድንገት ክንፉን አንቀጠቀጠና አፍንጫውን ደፍቶ ወደቀ። የወደቀውም የዘጠነኛ ክፍል ልጃገረዶች መረብ ኳስ ከሚጫወቱበት ቦታ ስምንት ርምጃ ያህል ርቆ ነው። ርምጃውን የቈጠርሁት እኔ ነኝ። አውሮፕላኑ ሁለት ኪሎ ይመዝናል፤ የፊቱ መዘውርም እንደ ቢላዋ ነው። የሚያበርረው ጓደኛዬ እጁ እየተንቀጠቀጠ ማሰራጫውን ያገላብጥ ነበር፤ ሰውም ሁሉ «ሳይችል ነው የጣለው» አለ። እርሱ ግን ምንም አላጠፋም። በዚያች ደቂቃ እኔ በክፍሉ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ሁለተኛውን ማሰራጫ «ይሠራ እንደ ሆነ ልይ» ብዬ ከፍቼው ነበር። እንዲህ ማድረጌን የነገርሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ጓደኛዬ ሦስቱን ቀን ሙሉ ሲወቀስ ዝም ብዬ ማየቴ ከመውደቁ ይልቅ ያሳፍረኛል።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ላስረዳ። በአዲስ አበባ ራዲዮ የሚሰማ ሰው ሸገርን በ102.1፣ ፋናን በ98.1 ላይ ያገኛል። ቁጥሩ ሜጋኸርዝ ይባላል፤ ሞገዱ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ስንት ሚሊዮን ጊዜ እንደሚመላለስ ይናገራል። ሁለቱ ጣቢያዎች በአንድ ቁጥር ላይ ቢናገሩ ኖሮ የሁለቱንም ባልሰማን ነበር። የአውሮፕላኑም መቀበያ እንዲሁ ነው፤ በአንድ ቁጥር ላይ ሁለት ሰው ሲያዝዘው የማንንም አይሰማም። ልዩነቱ፣ ሸገርን የሚሰማ ሰው ድምፁ ቢበላሽበት ይናደዳል እንጂ ከሰማይ አይወድቅም።

የክበባችን ሁለት ማሰራጫዎች ከአሜሪካ የመጡ ያገለገሉ ስጦታዎች ናቸው። ሁለቱም በ72 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ። በዚህ ዓይነት መሣሪያ ውስጥ ቁጥሩን የሚወስነው ክሪስታል የሚባል ከጥፍር የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ አንዱ በማሰራጫው፣ ጥንዱ በመቀበያው ይሰካል። የመጀመሪያው ማሰራጫ ክሪስታል «20» የሚል ተጽፎበታል። የሁለተኛው ጽሕፈት ግን ተፍቋል። እኔም «ሌላ መሣሪያ ስለ ሆነ ሌላ ቁጥር ነው» ብዬ ገመትሁ። ግምቴም ከንቱ ሆነ፤ እርሱም 20 ነበር።

እንግዲህ ስካነር ማለት በተሰጠው ቁጥር ላይ ሁሉ እየተዘዋወረ «እዚህ ሰው አለ፣ እዚህ የለም» የሚል መቀበያ ነው። አይናገርም፤ ያዳምጣል ብቻ። የክበባችን አባሎች የትኛውን እንግዛ ሲሉ ሦስት ቦታ ተከፍለዋል፤ አንዱ ወገን ርካሹን፣ ሁለተኛው ብዙ ቻነል ያለውን፣ ሦስተኛው ስሙ የታወቀውን ይላል። እኔ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ከሦስቱም ውጭ ነው እላለሁ፤ ይኸውም «መሣሪያው የእኛን ቁጥር ይሰማልን?» የሚል ነው። ይህ ለሚሰማው ሰው ሞኝነት ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው።

በአሜሪካ ለሞዴል አውሮፕላን የተመደቡት ከ72.010 እስከ 72.990 ሜጋኸርዝ ያሉት 50 ቻነሎች ናቸው። ከ11 ተነሥተው እስከ 60 ይቈጠራሉ፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል 20 ኪሎኸርዝ አለ። ስለዚህ የእኛ 20 ቁጥር በ72.190 ላይ ይውላል። ለመኪናና ለጀልባ ደግሞ ከ61 እስከ 90 ያሉት ቻነሎች በ75 ሜጋኸርዝ ተሰጥተዋል። እንግሊዝ አገር ግን ለአውሮፕላን የተሰጠው 35 ሜጋኸርዝ ነው፣ በምድርና በውሃ ላይ ለሚሄደው 40፤ ርቀቱም 10 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። አውስትራሊያ 36 ትጠቀማለች። አየሩ አንድ ሲሆን እያንዳንዱ አገር እንደ እርሻ ድንበር ከፋፍሎታል።

አሁን አንድ የታወቀ ስካነር ላንሣ። ዩኒደን ቤርካት ቢሲ 125 ኤቲ የሚባለው የእጅ ስካነር 500 ቻነል በማስታወሻው ይይዛል፣ ለመያዝም ይመቻል፤ ብዙ ሰውም ይወደዋል። የሚሰማባቸው ክልሎች ግን ከ25 እስከ 54፣ ከ108 እስከ 174፣ ከ225 እስከ 380፣ ከ400 እስከ 512 ሜጋኸርዝ ናቸው። ልብ በሉ፤ ከ54 በቀጥታ ወደ 108 ይዘላል። 72 በዝላዩ ውስጥ ወድቆ ቀረ! በአሜሪካ ይህ ክልል ከጥንት ጀምሮ የቴሌቪዥንና የኤፍ ኤም ስርጭት ስለ ሆነ፣ የፖሊስና የአውሮፕላን ማረፊያ ንግግር ለሚያዳምጥ ሰው የሚጠቅም ነገር አይገኝበትም፤ የሞዴል ሰዎች 72 በአራተኛውና በአምስተኛው የቴሌቪዥን ቻነል መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ በ35 የሚያበርር እንግሊዛዊ በዚህ ስካነር ይጠቀማል፤ የ72 ባለቤት ግን 500 ባዶ ሣጥን ይገዛል። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ለሌላ ሰው የተሠራ ነው እንጂ። በመሣሪያው መያዣ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር ትታችሁ በመግለጫው መጨረሻ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን የክልል ዝርዝር አንብቡ የምለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ርምጃው ነው። ስካነር ከቁጥር ወደ ቁጥር የሚሄደው በተወሰነ ርምጃ ነው። ርምጃው 5 ኪሎኸርዝ ቢሆን ልክ 72.190 ላይ ይቆማል። ከ72.000 ተነሥቶ በ25 ኪሎኸርዝ የሚረግጥ ቢሆን ግን 72.175 ላይና 72.200 ላይ ያርፋል፤ የእኛን ቤት በር ሳያንኳኳ ያልፋል፤ ወይም የጎረቤትን ድምፅ የእኛ ነው ብሎ ያሳስታል። በእንግሊዝ አገር፣ ርቀቱ 10 ኪሎኸርዝ በሆነበት፣ ስሕተቱ የባሰ ይሆናል። ከዚህም ጋራ «ጠባብ ኤፍ ኤም» የሚባለውን ዓይነት መስማት ይኖርበታል፤ ለሙዚቃ የተሠራ ሰፊ ኤፍ ኤም ብዙ ጎረቤት አብሮ ያስገባልና።

ሻጮች አብዝተው የሚመኩት በፍጥነት ነው፤ «በሰኮንድ ይህን ያህል ቻነል ያያል» ይላሉ። ይህ ለእኛ ብዙ አያስጨንቅም። የታክሲ ወይም የፖሊስ ራዲዮ አንድ ቃል ተናግሮ ዝም ይላል፤ ያንን ለመያዝ ፍጥነት ያሻል። የ72 ማሰራጫ ግን ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ አያቋርጥም። ለክንፉና ለጅራቱ የሚሰጠውን ትእዛዝ በአንድ ሰኮንድ 50 ጊዜ ያህል ይደጋግመዋል፤ በስካነር ሲሰሙት በጠርሙስ ውስጥ የታሰረ ንብ ይመስላል። የፖሊስን የተወሳሰበ ዲጂታል ንግግር የሚፈቱት ውድ ስካነሮችም ዋጋቸውን የሚያስከፍሉት እኛ ለማንጠቀምበት ጥበብ ነው።

ጓደኞቼ ብዙ የጠየቁኝ በኮምፒዩተር ላይ ስለሚሰካው ትንሽ መቀበያ ነው። አርቲኤል 2832 ዩ በሚባል ቺፕ የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ ለቴሌቪዥን የታሰበ ሲሆን በ2012 በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ለማናቸውም ሞገድ ማዳመጫ እንደሚሆን በሰፊው ታወቀ። ዋጋው ወደ 30 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው፤ ከ24 ሜጋኸርዝ ገደማ ጀምሮ እስከ 1,700 ገደማ ይሰማል፤ 35ም 72ም በውስጡ አሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ2 ሜጋኸርዝ የማያንስ ስፋት ያያል። የአሜሪካ አውሮፕላን ቻነሎች ስፋታቸው 1 ሜጋኸርዝ ስለ ሆነ ሃምሳዎቹም ባንድነት በኮምፒዩተሩ መስተዋት ላይ ይታያሉ። ባዶው ጥቁር ነው፤ ማሰራጫ የተከፈተበት ቦታ እንደ ቀጭን ብርሃን ገመድ ይወርዳል። እየተዘዋወሩ ማንኳኳት ቀርቶ መንደሩን ከኮረብታ ላይ ሆኖ እንደ ማየት ነው። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ ኮምፒዩተር ተሸክሞ ወደ ሜዳ መውጣት አለ፤ በቀትር ፀሐይ መስተዋቱ አይታይም፤ ባትሪውም ያልቃል። አንድ ሰው ብቻውን ለሚያበርርበት ሜዳ ከሆነ እኔም አልመርጠውም። ለትምህርት ቤት ግን በሳምንቱ ውስጥ የፊዚክስ መምህራችን የሞገድን ትምህርት በዐይን ሊያሳዩን የሚችሉበት ዕቃ ነው።

በማናቸውም ስካነር ላይ የሚደርሱ ሁለት ማታለያዎች አሉ። አንደኛ፣ በአምስት ርምጃ ርቀት ላይ ማሰራጫ ሲከፈት ሞገዱ ስካነሩን ያጥለቀልቀዋል፤ በዚያን ጊዜ በአንድ ቻነል ያለው ሰው በአራት ቻነል ያለ ይመስላል። ከዚህ ለመዳን ራቅ ማለት ወይም አንቴናውን መንቀል ነው። ሁለተኛ፣ ሁለት ማሰራጫዎች ባንድነት ሲሠሩ ሦስተኛ የሌለ ሰው ይፈጥራሉ፤ 20ና 22 ተከፍተው ከሆነ በ18ና በ24 ላይ የጥላ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ጥላ ቢሆንም ቅሉ ለአውሮፕላኑ አደገኛ ስለ ሆነ ስካነሩ ይህን ማሰማቱ ጥፋት አይባልም።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ፤ ሳጠና ያስደነገጠኝ እርሱ ነውና። በዚያ ቅዳሜ ከሁሉ የተሻለው ስካነር በእጄ ቢኖር ኖሮ አውሮፕላኑ ይድን ነበርን? ስካነሩ «20 ላይ ሰው አለ» ይለኝ ነበር። እኔ ግን የራሴ ማሰራጫ 20 መሆኑን አላውቅም! እሺ ብዬ ማብሪያውን እጫነው ነበር። ስካነሩ ሊረዳኝ ይችል የነበረው ዐርብ ማታ፣ ሜዳው ላይ ማንም በሌለበት፣ ማሰራጫዬን ከፍቼ ቁጥሩን ብመረምር ብቻ ነው። የማይታወቅ ክሪስታል ማወቂያ መሆኑ፣ በእኔ አስተያየት፣ የስካነር ዋናው ጥቅሙ ነው፤ በሻጮች ማስታወቂያ ላይ ግን ሲነገር አላየሁም።

ሌላም አለ። ስካነር አሁን ማን እንዳለ ይናገራል እንጂ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ማን እንደሚመጣ አይናገርም። ቻነሉን አዳምጬ ባዶ ሆኖ አግኝቼ አውሮፕላኔን ባስነሣ፣ ከዚያም ሌላ ልጅ ሳያዳምጥ ማሰራጫውን ቢከፍት፣ ስካነሩ በኪሴ ሆኖ አውሮፕላኔ ይወድቃል። ደግሞም ስካነሩ ያለው መሬት ላይ ነው። አውሮፕላኑ ከዛፍና ከቤት በላይ ሆኖ ሩቅ ያለውን ማሰራጫ ይሰማል፤ እኛ ከግድግዳ ኋላ ሆነን አንሰማም። ለዚህ ነው በአሜሪካ የሞዴል አብራሪዎች ማኅበር፣ በ1936 የተመሠረተው ኤ ኤም ኤ፣ 3 ማይል ወይም 5 ኪሎ ሜትር ያህል የማይራራቁ ሜዳዎች ስለ ቻነል አስቀድመው እንዲስማሙ የሚመክረው።

በእነዚህ አገሮች ክበቦች ስካነር ሳይኖራቸውም ለብዙ ዓመታት ያለ አደጋ ሲያበርሩ የኖሩት በምን ነው? በእንጨት ሰሌዳና በልብስ መቆንጠጫ ነው። በሜዳው በር ላይ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ ለእያንዳንዱ ቻነል ቁጥሩ የተጻፈበት አንድ መቆንጠጫ አለ። ማሰራጫዎች ሁሉ ተዘግተው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ማብረር የሚፈልግ ሰው የቻነሉን መቆንጠጫ ወስዶ በአንቴናው ላይ ያደርጋል፤ መቆንጠጫው ከሰሌዳው ላይ ከሌለ ይጠብቃል። መቆንጠጫ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ሊይዘው አይችልም። ስካነር ያለውን ሲናገር ሰሌዳው የሚመጣውን ይከለክላል። ይህን ሳነብ ሳቅሁ፤ እናቴ ልብስ የምታሰጣበት ዕቃ ከኤሌክትሮኒክስ በልጦ ተገኘ።

ወላጆች ሳትጠይቁኝ እንደማትቀሩ የምገምተው አንድ ነገር አለ፤ «ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው መጫወቻ አውሮፕላን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ እናንተ ለምን ትቸገራላችሁ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ከ2006 ገደማ ጀምሮ አብዛኛው አዲስ መሣሪያ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል። በዚያ ላይ ማሰራጫውና መቀበያው አስቀድመው በምስጢር ቁጥር ይተሳሰራሉ፤ ብዙዎቹም በሰኮንድ ውስጥ ደጋግመው ቦታ እየለወጡ ይነጋገራሉ፤ መቀበያውም የራሱን ጌታ ትእዛዝ ብቻ ይቀበላል። ሞገዱ አጭር ስለ ሆነ አንቴናውም አጭር ነው፤ የ72 ሞገድ 4 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ የ2.4 ግን ከ12 ሳንቲ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ቦታ እየለወጡ መነጋገር ራሱ የቆየ ሐሳብ ነው። በ1942 የፊልም ተዋናይቱ ሄዲ ላማርና ሙዚቀኛው ጆርጅ አንታይል በራዲዮ የሚመራ የባሕር ቶርፔዶ ጠላት እንዳያሳስተው ብለው በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዝግበውበታል፤ እንደ ፒያኖ ቁልፎች 88 ቦታ ነበረው። በራዲዮ ማሽከርከር ግን ከዚያም ይቀድማል፤ ኒኮላ ቴስላ በ1898 በኒው ዮርክ አንዲት ትንሽ ጀልባ በራዲዮ እየመራ ለሕዝብ አሳይቷል፤ በ1937 ደግሞ ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ ወንድማማቾች በሚሺጋን ግዛት አውሮፕላን አብርረዋል።

ከላይ የዘረዘርኋቸው ስካነሮች አንዳቸውም 2.4 ጊጋኸርዝ አይሰሙም። የሚሰሙ መሣሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን በዚያ ባንድ ላይ የሚያዩት የዋይፋይ፣ የብሉቱዝና የሌላውም ሁሉ ገበያ ነው፤ «20 ቁጥር ተይዟል» ብሎ የሚመልስ ግልጽ መልስ የለም፤ ለአብራሪውም ብዙ አያስፈልገውም። ስለዚህ አዲስ ማሰራጫ ልግዛ ወይስ ለአሮጌው ስካነር ልግዛ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ማሰራጫውን ግዛ እለዋለሁ። ስካነር የሚገባው አሮጌ መሣሪያ ለያዘና ሊጥለው ለማይፈልግ ሰው ነው፤ እንደ እኛ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም ከመውደቁ ባላነሰ ያሳፈረን ነው። በ72 እንድናበርር ማን ፈቀደልን? ማንም። አሜሪካ ለዜጎቿ የሰጠችው ቁጥር ከዕቃው ጋራ ተሳፍሮ ባሕር አይሻገርም። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሞገድን አጠቃቀም ይመራል፤ እኛም ማሰራጫ ስናነሣ ይህን አንድ ቀን አልጠየቅንም። አሁን ሁለቱ ማሰራጫዎች ባትሪያቸው ወጥቶ በፊዚክስ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ተቈልፈው ይገኛሉ። ደብዳቤው ተረቅቋል፤ ዲሬክተራችን ሊፈርሙበት ተስፋ ሰጥተውናል። ደብዳቤው ስካነሩንም ይጨምራል፤ ማዳመጫ ብቻ ቢሆንም ከውጭ ሲገባ ጠይቆ ማስገባት ይሻላል።

እንግዲህ ለክበቡ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። መልስ እስኪመጣ ድረስ ምንም አንገዛም። ፈቃዱ ከተሰጠን በኮምፒዩተር የሚሰካውን ርካሹን መቀበያ እንግዛ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለሁለተኛው ማሰራጫ ሌላ ቁጥር ያለው የክሪስታል ጥንድ ለማስመጣት እናውል። ፈቃዱ ከተከለከለ ገንዘቡ የተፈቀደ የ2.4 መሣሪያ መግዣ ይሁን፤ አሮጌዎቹም ተፈትተው የትምህርት መሣሪያ ይሁኑ። በዚህ የማይስማሙ አባሎች እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ በተለይ የእጅ ስካነር የሚሹት፣ በሜዳ ላይ ስለሚመች። ከ72 ጋራ የሚሠራ የእጅ ስካነር የክልሉን ዝርዝር አሳይተው ቢያመጡልኝ በደስታ ሐሳቤን እለውጣለሁ።

ሰሌዳውን ግን ፈቃድ ሳንጠብቅ ሠርተነዋል። በአውሮፕላኑ መውደቅ የተወቀሰው ጓደኛዬ እንጨቱን ላገ፤ እኔ ቁጥሮቹን ጻፍሁ። ከአዳራሹ ስትወጡ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ታዩታላችሁ። ለጊዜው የተሰቀለበት መቆንጠጫ አንድ ብቻ ነው፤ 20 ቁጥር። አባሎች ድምፅ የምንሰጠው ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ነው።